ዲግሪ ሌላ፣ የሙያ ፈቃድ ሌላ

«በምህንድስና ተመርቄያለሁ፤ ታዲያ ፕላን ላይ ለምን አልፈርምም?» ቴፒ በሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተምረው ወደ ማሻ የሚመለሱ ወጣቶች የሚያነሱት ጥያቄ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ዲግሪው መማራችሁን ሲመሰክር፣ ፈቃዱ ደግሞ በፊርማችሁ ለሰው ሕይወት ተጠያቂ መሆን እንደምትችሉ ይመሰክራል።

ይህ አሠራር የእኛ ሀገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ ዋዮሚንግ ግዛት በ1907 እ.ኤ.አ. የመሐንዲሶች ፈቃድ ሕግ ያወጣችው፣ ሙያው የሌላቸው ሰዎች የመስኖ ካርታ እየሳሉ በመሐንዲስ ስም በመፈረማቸው ነበር። በኢትዮጵያም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው፣ እንዲሁም የሕዝብ መገልገያና የፋብሪካ ሕንፃዎች ከፍተኛ ጥንቃቄ በሚጠይቀው ምድብ «ሐ» ውስጥ ይገቡ ነበር። ዝናቡ በሚበዛበትና መሬቱ ተዳፋት በሆነበት በማሻ፣ መሠረቱንና የውሃ መፋሰሻውን ያላገናዘበ ንድፍ የሚያስከትለውን ጉዳት ነዋሪው አያጣውም።

መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዲግሪው ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ማለፍም ያስፈልጋል። ቀጥሎ በምሩቅ መሐንዲስነት መመዝገብና በነባር ባለሙያ ሥር መሥራት ይመጣል። የሥራ ልምዱ ሲሟላ «ፕሮፌሽናል»፣ ከዚያም «ፕራክቲሲንግ ፕሮፌሽናል» ወደሚባለው ደረጃ ይደረሳል። የማማከር ድርጅት ከፍቶ መሥራት የሚቻለው በዚህ በመጨረሻው ደረጃ ነው። ዘርፉን በፌዴራል ደረጃ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮንስትራክሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ በክልል ደግሞ የዘርፉ ቢሮ አለ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በልምድ ማስረጃ ላይ ነው። «በድርጅታችን ሠርቷል» የሚል ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። የፕሮጀክቱ ስም፣ የሠራችሁበት ኃላፊነት፣ የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ቀን በግልጽ ይጻፍ። በግል ድርጅት ለተሠራ ሥራ የደመወዝ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ስለዚህ ደብዳቤውን ከሥራ በለቀቃችሁበት ሳምንት ተቀበሉ፤ ከዓመታት በኋላ ድርጅቱ ሊዘጋ፣ ኃላፊውም ሊቀየር ይችላል።

ሦስት ወረቀቶችን አታምታቱ። የባለሙያ ምዝገባ የሰውዬውን ብቃት ያሳያል። የሥራ ተቋራጭ ደረጃ የድርጅቱን አቅም ይገልጻል፤ ከፍተኛው ደረጃ 1 ነው። የንግድ ፈቃድ ደግሞ የመነገድ መብት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። የባለሙያ ምዝገባም የአገልግሎት ጊዜ ስላለው በወቅቱ መታደስ አለበት።

ቤት የምታሠሩም ብትሆኑ ይህ ይመለከታችኋል። ፕላን ከማሠራታችሁ በፊት ባለሙያውን «የምዝገባ ምስክር ወረቀትህን አሳየኝ» በሉት፤ ስሙን፣ የሙያ ዘርፉን፣ ደረጃውንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የኮንክሪት ምሰሶ ንድፍ ላይ ሊፈርም አይገባም። ወጣት መሐንዲሶችም ከማመልከታችሁ በፊት የወቅቱን መመሪያና መስፈርት ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ፊርማችሁን ላልሠራችሁትና ላላያችሁት ንድፍ በገንዘብ አትስጡ፤ ሕንፃው ቢደረመስ በሕግ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።