የኮለን ፌሮ ፍተሻ

የኮለን ፌሮ ፍተሻ በአርማታ ሕንፃ ግንባታ ላይ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት በዓምዱ ውስጥ የታሰረው ብረት በንድፉ መሠረት መሠራቱ የሚረጋገጥበት ምርመራ ነው። ዓምዱ በግንባታ ቦታ «ኮለን»፣ ብረቱ «ፌሮ»፣ ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት ደግሞ «ስታፋ» ይባላል። ፌሮ፣ ስታፋና አርማታ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ፍተሻው ለአንድ ኮለን ረጅም ጊዜ አይወስድም፤ ነገር ግን ሊደገም አይችልም። ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ ስህተቱን ለማየት ዓምዱን መፈልፈል፣ ለማረም ደግሞ ብዙ ጊዜ ማፍረስ ይጠይቃል።

የምዕራብ ሐረርጌ ሁኔታ

ጭሮ (በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ) የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከስምጥ ሸለቆው ቆላ በላይ በሚነሣው የጨርጨር ደጋ ላይ ትገኛለች። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ተደጋጋሚ ርዕደ መሬት የታየበት የፈንታሌ ተራራ አካባቢ ከጭሮ በቀጥታ መስመር 100 ኪ.ሜ. ገደማ ብቻ ይርቃል። ከእነዚያ ንዝረቶች አንዳንዶቹ በመጠን ከ5 በላይ ነበሩ፤ በአዋሽ ፈንታሌና በአጎራባች ወረዳዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ቀደም ብሎም በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ አውድሟል።

እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ በመንገድ ዳር የሚሠሩት ፎቆች በአብዛኛው ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ወይም አልጋ ቤት ያላቸው የግለሰብ ሕንፃዎች ናቸው። በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አመዳደብ ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቅ ያለው ሕንፃ በምድብ «ለ»፣ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ወይም ሕዝብ የሚገለገልበት ደግሞ በምድብ «ሐ» ይገባ ነበር። አዋጁ በየከተማው የሕንፃ ሹም እንዲኖርም ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሹሙ የእያንዳንዱን ኮለን ስታፋ ሊቆጥር አይችልም፤ ይህ የባለቤቱ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሥራ ነው።

የብረቱ ውፍረት

በ1987 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ መሠረት በአንድ ኮለን ውስጥ ያለው የቋሚ ብረት ስፋት ከኮለኑ ቁመታዊ ያልሆነ ቁርጥ ስፋት ከ0.8 በመቶ ማነስ የለበትም፤ የአንዱ ብረት ውፍረትም ቢያንስ 12 ሚ.ሜ. መሆን አለበት። 30 በ30 ሴ.ሜ. የሆነ ኮለን ቁርጡ 900 ካሬ ሴ.ሜ. ስለሆነ ቢያንስ 7.2 ካሬ ሴ.ሜ. ብረት ይፈልጋል። አራት ባለ 16 ፌሮ 8.04 ስለሚሰጥ ያልፋል። አራት ባለ 14 ግን 6.16 ብቻ ስለሆነ ይወድቃል። በዓይን ሲታዩ ሁለቱ እምብዛም አይለያዩም፤ የብረቱ መጠን ግን ወደ ሩብ በሚጠጋ ይቀንሳል።

ፌሮው ሸንተረር ስላለው ውፍረቱን በመለኪያ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው። ቀላሉ መንገድ አንድ ሜትር ቆርጦ መመዘን ነው። ባለ 14 በሜትር 1.21 ኪ.ግ.፣ ባለ 16 ደግሞ 1.58 ኪ.ግ. ይመዝናል። ከዚህ በግልጽ የቀለለ ብረት ስሙ ምንም ቢሆን ያ ብረት አይደለም።

ስታፋ

በፍተሻው ላይ ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ስታፋ ነው፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ በግምት የሚታለፈው እሱ ነው። ሥራው ሁለት ነው። ቋሚ ብረቶቹ ጭነት ሲበዛባቸው ወደ ውጭ እንዳይጎብጡ ይይዛቸዋል፤ በውስጡ ያለውን ኮንክሪትም አቅፎ እንዳይበተን ያደርጋል። በዚሁ ኮድ መሠረት በስታፋና በስታፋ መካከል ያለው ርቀት ከቀጭኑ ቋሚ ብረት ውፍረት 12 እጥፍ፣ ከኮለኑ አጭር ጎን ወይም ከ30 ሴ.ሜ. መብለጥ የለበትም፤ ከሦስቱ ትንሹ ይወሰዳል። ባለ 14 ፌሮ ላለው ኮለን ይህ ከ17 ሴ.ሜ. በታች ይሆናል።

ንድፉ በየ15 ሴ.ሜ. እያለ በየ20 ሴ.ሜ. ቢታሰር 2.70 ሜትር ቁመት ባለው ኮለን ላይ አራት ወይም አምስት ስታፋ ይጎድላል። በዚህ የሚቆጠበው ብረት 2 ኪ.ግ. ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ርቀቱን በአንድ ቦታ ብቻ ከመለካት ከታች እስከ ላይ መቁጠር ይሻላል፤ ሠራተኛው የሚታየውን መካከለኛ ክፍል አሳምሮ ጫፎቹን ሊያሰፋ ይችላልና።

ጫፎቹ ደግሞ በርዕደ መሬት ጊዜ የበለጠ የሚጎዱ ቦታዎች ናቸው። ሕንፃው ወደ ጎን ሲወዛወዝ ኮለኑ የሚታጠፈው ከወለሉ በላይና ከቢሙ በታች ባሉት ክፍሎች ስለሆነ በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው ኮድ በእነዚህ ቦታዎች ስታፋው እንዲጠጋጋ ያዛል። በመካከለኛው ደረጃ ለተነደፈ ሕንፃ ርቀቱ ከቋሚው ብረት 8 እጥፍ አይበልጥም፤ ለባለ 14 ፌሮ 11 ሴ.ሜ. ገደማ ማለት ነው። ቢምና ኮለን በሚገናኙበት መጋጠሚያ ውስጥ ያለው ስታፋም መታየት አለበት። የቢሙ ብረት አስቀድሞ ከገባ በዚያ ቦታ ስታፋ ማሰር አድካሚ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ሌላው ነጥብ የስታፋው ጫፍ አተጣጠፍ ነው። ሁለቱ ጫፎች በ135 ዲግሪ ታጥፈው ወደ ኮንክሪቱ እምብርት መግባት አለባቸው፤ ለባለ 8 ስታፋ ከእጥፋቱ በኋላ የሚተርፈው ጅራት 8 ሴ.ሜ. ይሆናል። ለማስገባት ስለሚቀል በ90 ዲግሪ ብቻ ማጠፍ የተለመደ ነው። በንዝረት ጊዜ የውጨኛው የኮንክሪት ሽፋን ሲረግፍ በ90 ዲግሪ የታጠፈው ጅራት የሚይዘው ያጣል፤ ስታፋውም መቆለፊያው እንደተበጠሰ ቀበቶ ይከፈታል። በ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999) በቱርክ ኢዝሚት የደረሰውን ርዕደ መሬት ያጠኑ መሐንዲሶች በፈረሱ ሕንፃዎች ውስጥ ደጋግመው ያገኙት ይህንኑ ነው፦ የተራራቀ ስታፋ፣ በ90 ዲግሪ የታጠፈ ጫፍ። የመቆለፊያዎቹ ማዕዘንም በአንድ መስመር መደርደር የለበትም፤ ከስታፋ ወደ ስታፋ መዞር አለበት።

ስታርተር

ከታችኛው ወለል ተርፎ የቆመው፣ ቀጣዩ ፎቅ የሚያያዝበት ብረት «ስታርተር» ይባላል። አዲሱ ፌሮ ከስታርተሩ ጋር ተደራርቦ የሚታሰርበት ርዝመት በንድፉ ላይ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ የብረቱ ውፍረት ከ40 እስከ 60 እጥፍ ስለሆነ ለባለ 14 ፌሮ ከ56 እስከ 84 ሴ.ሜ. ይሆናል። ስታርተሩ ከቦታው ወጥቶ ከተገኘ በቧንቧ ጎትቶ በድንገት ማጠፍ አደገኛ ነው። ሊመለስ የሚችለው በረጅሙና ቀስ ባለ ዘንበል፣ ቢበዛ በ6 ሴ.ሜ. ቁመት 1 ሴ.ሜ. ያህል ነው። ከዚያ በላይ ከራቀ ውሳኔው የፌራዮው ሳይሆን ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ነው።

ወደፊት ፎቅ ለመጨመር ታስቦ በጣሪያ ላይ ለዓመታት የሚቆም ስታርተርም አለ። ስስ ቡናማ ዝገት ጉዳት የለውም፤ በሽቦ ብሩሽ ሲቦረሽ እንደ ቅርፊት የሚላቀቅ ከሆነ ግን ውፍረቱ እንደገና መለካት አለበት።

ከመሙላት በፊት

ብረቱ የፎርሙን ጣውላ እንዳይነካ በኮንክሪት የተሠሩ ስፔሰሮች ይታሰራሉ፤ ሽፋኑ ለተለመደ ኮለን 2.5 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። የጠጠር ቁራጭ ወይም የእንጨት ስንጥር በስፔሰር ፋንታ መወተፍ የለበትም። ጣውላው ዘይት የሚቀባው ፌሮው ከመግባቱ በፊት ነው። በኮለኑ ግርጌ የተጠራቀመ ሰጋቱራ፣ አፈርና የጥቁር ሽቦ ቁራጭ ይጠረጋል፤ አቋሙ በቱንቢ ይታያል።

ትክክለኛው የፍተሻ ሰዓት የፎርሙ አንድ ጎን ገና ክፍት እያለ ነው። በተግባር ግን ተቆጣጣሪው ብዙ ጊዜ የሚጠራው በሙሊቱ ጠዋት፣ ሚክሰሩ ተከራይቶና የቀን ሠራተኛው ተሰብስቦ ከቆየ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት «ይፈታ» ማለት ለባለቤቱ የአንድ ቀን ኪሳራ ስለሆነ ቃሉ ከአፍ አይወጣም። ፍተሻው ከሙሊቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከተደረገ ማረሚያው ጥቂት ስታፋና አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ነው።

ከሙሊት በኋላ በማግኔት የሚሠራ መሣሪያ የብረቱን ቦታና የስታፋውን ርቀት በግምት ሊያሳይ ይችላል፤ የጫፎቹን አተጣጠፍ ግን አያሳይም። ጥርጣሬ ካለ የቀረው አማራጭ ሽፋኑን መፈልፈል፣ ጉድለቱ ከተረጋገጠም ኮለኑን በአዲስ ፌሮና ኮንክሪት ዙሪያውን ማልበስ ነው።