ስለ አመዳይ ናዳ

በአገራችን ሰማይ ሲከፋ የሚወርደው በረዶ እንደ ጠጠር የጠነከረ ነው፤ ጥቂትም ቈይቶ ይቀልጣል። በስዊስ አገር በአልፕስ ተራሮች ላይ የሚወርደው አመዳይ ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ የለሰለሰ ነው፤ የብርዱን ወራት ሁሉ ሳይቀልጥ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነባበረ ይቈያል። ለሚያየው እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሞት የተሸሸገበት ጊዜ አለ።

ምክንያቱም ይህ ነው። ከንብብሩ አንዱ ልል ሆኖ ከላዩ ያለው ሲከብደው፥ ሥፍራውም ቍልቍለት ሲሆን፥ የላይኛው በድንገት ተሰንጥቆ ይንሸራተታል። ይህም የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በላይ ባዘነበለ ሥፍራ ነው። ይልቁንም ብዙ አመዳይ በወረደ ማግሥት፥ ነፋስም ጠርጎ ባንድ ወገን በከመረው ጊዜ አደጋው ይበረታል። በፈረንጆች ቍጥር በ1999 ዓመት በኦስትሪያ አገር በጋልቱር መንደር ላይ የወረደው ናዳ 31 ሰዎችን ገደለ።

በመንደር ላይ የሚወርደው ናዳ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ መንገደኛውን የሚቀብረውን ናዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቅሰው ራሱ መንገደኛው ወይም ባልንጀራው ነው። የተቀበረውም ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ተቈፍሮ ቢወጣ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። ከመንደር ረዳት እስኪመጣ ጊዜው ያልፋልና የሚያድነው አብሮት ያለው ባልንጀራው ነው። ስለዚህ አስተዋይ መንገደኛ ብቻውን አይሄድም። እያንዳንዱም የተቀበረበትን ሥፍራ የሚያመለክት ትንሽ የራዲዮ መሣሪያ፥ አመዳዩን ወግቶ የሚፈልግበት ረጅም ዘንግ፥ የሚቈፍርበትም አካፋ ይይዛል። አደገኛውን ቍልቍለት አንድ በአንድ ይሻገራሉ፤ የቀሩትም ከደኅና ሥፍራ ቆመው ይመለከታሉ።

የአገሩ ሊቃውንት አደጋውን በየዕለቱ መርምረው ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ለሕዝብ ያስታውቃሉ። የሚያስደንቀው ነገር፥ ከሚሞቱት መንገደኞች ግማሽ የሚያህሉት የሚሞቱት በ3ኛው ደረጃ ቀን ነው። 5ኛውን ሁሉ ይፈራዋልና ወደ ተራራው አይወጣም፤ 3ኛውን ግን «ትናንት ሌላው ሄዶበት የለምን?» እያለ ይንቀዋል። የሌላው ዱካ ግን ለደኅንነት ምስክር አይሆንም፤ አሥር ሰዎች ያለፉበት ቍልቍለት ባሥራ አንደኛው እግር ሊናድ ይችላልና።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ነገር ለተራራ መንገደኛ ብቻ የተነገረ አይደለም። ታላቁን ክፋት ሁሉ ይሸሸዋል፤ ሰውን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ግን «መካከለኛ ነው» ብሎ የናቀው ነው። ምልክቱን አይቶ ከመንገድ የተመለሰም ሰው ፈሪ አይባልም፤ ለነገው መንገድ ነፍሱን አትርፏልና።