ፈጥኖ ደራሽ ቡድንና የነርስ ተግባር

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ለበሽታም ይሆናል። በሆስፒታል የተኛ ሰው ልቡ በድንገት የቆመ ቢመስልም፤ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት በነበሩት ሰዓታት ሰውነቱ ምልክት ሲያሳይ ቆይቷል። ትንፋሹ ይፈጥናል፤ የልቡ ትርታ ይለወጣል፤ የደሙ ግፊት ይወርዳል፤ አእምሮው ይደነዝዛል።

ይህን ምልክት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ማን ነው? ሐኪሙ በሽተኛውን ጎብኝቶ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ቀንም ሌሊትም ከአልጋው የማትርቀው ግን ነርስ ናት።

በአውስትራሊያ፥ በሲድኒ ከተማ ያለው የሊቨርፑል ሆስፒታል ይህን ተመልክቶ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ፈጥኖ ደራሽ ቡድን አቋቋመ። ቀድሞ ልማዱ ልቡ ለቆመ በሽተኛ መሮጥ ነበር፤ አዲሱ ሥርዓት ግን ልብ ሳይቆም መድረስን ዓላማው አደረገ። ነርሷ የተወሰነው ምልክት ሲታያት ቡድኑን ለመጥራት የአለቃ ፈቃድ አትጠብቅም። ምልክቱ በቁጥር ባይገለጥ እንኳ፤ ስለ በሽተኛው ሁኔታ ከሠጋች መጥራት ትችላለች። በቡድኑም ውስጥ ከሐኪሙ ጋራ ጽኑ ሕሙማንን ለመርዳት የሠለጠነች ነርስ ትገኛለች።

ነገር ግን ቡድን ማቋቋም ብቻውን አይበቃም። በ23 የአውስትራሊያ ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2005 ዓ.ም. የታተመው ምርመራ ግልጽ የሆነ የሞት መቀነስ አላገኘም። ምልክት ከታየባቸው በሽተኞች ለብዙዎቹ ቡድኑ ሳይጠራ ቀርቶ ነበርና። ስለዚህ ያየችውን ሳትፈራ የምትናገር ነርስ፥ የተናገረችውንም ሳይንቅ የሚሰማ ሐኪም ያስፈልጋሉ።

በእንግሊዝ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የምልክት መመዘኛ ሠንጠረዥ፤ ዕረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ቢተነፍስ ደኅና ነው ይላል፤ 25 ወይም ከዚያ በላይ ቢደርስ ግን ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በሆስፒታል ዘመድዎን ሲያስታምሙ፥ ትንፋሹ ከቀድሞው ቢፈጥን ወይም ንግግሩ ቢዘባረቅ፤ «ሐኪሙ ሲመጣ እነግረዋለሁ» ብለው አይቆዩ። ወዲያውኑ ለነርሷ ይንገሩ። መምህራንም ትንፋሽን አንድ ሙሉ ደቂቃ ሰዓት ይዞ መቁጠርን ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩ፤ ይህ ትንሽ ዕውቀት አንድ ቀን የሰው ሕይወት ለማትረፍ ይረዳል።