የቤቱ ቁጥር የማን ነው?

በእንግሊዝ ለአዲስ መንገድ ስም የሚያወጣው፣ ለአዲስ ቤት ቁጥር የሚሰጠው የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ሥልጣኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 እስከወጣው የከተሞች ሕግ ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቁጥሩ ግን ምክር ቤቱ ዘንድ አይቀርም። ሮያል ሜይል የፖስታ ኮድ ጨምሮ በራሱ መዝገብ ያሰፍረዋል፤ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ኦርድናንስ ሰርቬይ ደግሞ ቦታውን በካርታ ላይ ያመለክታል።

መዝገቦቹ አልገጥም የሚሉት የሚፈለጉበት ጉዳይ ስለሚለያይ ነው። ለፖስተኛው ደብዳቤ የማይደርሰው ሕንፃ የሌለ ያህል ነው፤ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ደብዳቤ ደርሶት የማያውቅ መጋዘንም አድራሻ ያስፈልገዋል። በአንድ ምክር ቤት ውስጥ እንኳ ግብር ሰብሳቢው፣ የመራጮች መዝጋቢውና ቆሻሻ አንሺው የየራሳቸው ዝርዝር ነበራቸው። አንዱ «12ለ» ያለውን ሌላው «ላይኛው ፎቅ» ብሎ ከጻፈው ኮምፒዩተሩ ሁለት ቤት ነው ብሎ ይቆጥረዋል።

የቴክኒኩ መልስ ብዙም አላስቸገረም። መጀመሪያ በ1994 በወጣው ቢ.ኤስ. 7666 በተባለው ብሔራዊ ደረጃ ላይ የተመሠረተው አሠራር ለእያንዳንዱ ንብረት እስከ 12 አሃዝ የሚደርስ መለያ ይሰጣል። መለያው ራሱ ምንም አይናገርም፤ ጥንካሬውም እዚያ ላይ ነው። ቤቱ ስም ቢለውጥ፣ መንገዱ ሌላ ስም ቢወጣለት አይነካም፤ ቤቱ ቢፈርስም ለሌላ አይሰጥም።

ዓመታት የፈጀው የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። ኦርድናንስ ሰርቬይም ሮያል ሜይልም ከመረጃ ሽያጭ ገቢ ያገኙ ነበር። ምክር ቤቶች ቁጥሩን ራሳቸው ሰጥተው ሲያበቁ፣ በሌሎች መዝገብ ገብቶ የተመለሰውን ለመጠቀም ፈቃድ መግዛት ነበረባቸው፤ ቢያጉረመርሙ አይፈረድባቸውም። በ2005 መዝገቦቹን አንድ ለማድረግ የተጀመረው ጥረት በዚሁ ውዝግብ ከሸፈ። በ2010 መጨረሻ ግን የምክር ቤቶቹ ማኅበርና ኦርድናንስ ሰርቬይ ተስማምተው ለዚሁ ሥራ ጂኦፕሌስ የተባለ ድርጅት በጋራ አቋቋሙ።

ዴንማርክ በሌላ መንገድ ሄደች፤ በ2002 በተደረሰ ስምምነት የአድራሻ መረጃዋን ነፃ አደረገች። በኋላ የተደረገ ግምገማ ከ2005 እስከ 2009 የተገኘውን ጥቅም ወደ 62 ሚሊዮን ዩሮ፣ ወጪውን ወደ 2 ሚሊዮን ዩሮ አስልቶታል። በብሪታንያ ግን ሮያል ሜይል በ2013 ወደ ግል ሲዛወር የአድራሻ መዝገቡም አብሮት ሄደ፤ በማግሥቱ ዓመት አንድ የፓርላማ ኮሚቴ የመዝገቡን መሸጥ ስህተት ብሎታል።

በሐምሌ 2020 የንብረት መለያዎቹ ከነመገኛ ነጥባቸው ለሁሉም በነፃ ተለቀቁ። ከመለያው ጋር የሚሄደው ሙሉ አድራሻ ግን አሁንም በፈቃድና በክፍያ የሚገኝ ነው።