የሞተር ሳይክል የፊት አሞርዛተር ለጭነትና ለደምቢያ መንገድ እንዴት ይጠናከራል?

ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ የሚወስደው መንገድ ኮላ ድባን አቋርጦ ያልፋል። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ቀበሌዎች የሚዘልቅ ባለሞተር በክረምት የደምቢያን ዋልካ ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ የተሰነጣጠቀውን መሬትና ኮረኮንቹን ይጋፈጣል። ሰው ወይም ማዳበሪያ ጭኖ ሲጓዝ የሞተሩ ፊት በየጉድጓዱ እስከ መጨረሻው እየሰመጠ "ቋ" የሚል ከሆነ፣ ፍሬን ሲያዝም ወደ ታች የሚደፋ ከሆነ፣ በቅድሚያ መመርመር ያለበት የፊት አሞርዛተሩ ነው።

ዛሬ በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ የምናየው፣ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትበትና በዘይት የሚገታ አሞርዛተር፣ ለገበያ በቀረበ ሞተር ላይ የተገጠመው በ1935 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ባመረተው አር 12 ነበር። አሠራሩ እስካሁን ብዙም አልተለወጠም። በእያንዳንዱ እግር ውስጥ ሞላና ዘይት አለ። ሞላው ክብደት ይሸከማል፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እያለፈ የሞላውን ፍጥነት ይገታል። ሁለቱን ሥራዎች መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ሞተሩ ሰመጠ ብለው ወፍራም የሞተር ዘይት የሚሞሉ አሉ። ዘይት ግን ክብደት አይሸከምም። ከመጠን በላይ ሲወፍር ጎማው ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፤ በኮረኮንች ላይ አሞርዛተሩ ቀስ በቀስ እየታጠፈ ይቀራል፣ ንዝረቱም በቀጥታ ወደ እጅ ይመጣል።

ሞላው መድከሙን በቀላሉ መለካት ይቻላል። የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ የሚታየውን የውስጠኛውን ቱቦ ርዝመት ይለኩ። ከዚያም እንደ ወትሮው ጭነው፣ ተቀምጠው፣ ሌላ ሰው እንደገና ይለካልዎ። ጠቅላላ እንቅስቃሴው 120 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር መስመጡ ጤናማ ነው። ወደ 60 ከተጠጋ ሞላው ደክሟል ወይም ለጭነቱ አልተሠራም። በሞላው አናት ላይ አጭር የብረት ቱቦ መደረብ ከፍታውን ይመልሳል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም፤ ሲበዛም የሞላው ጥምጥሞች እርስ በርስ እንዲጋጩ ያደርጋል። ዘላቂው መፍትሔ ጠንከር ያለ ሞላ በሁለቱም እግሮች እኩል መቀየር ነው።

ዘይቱ አምራቹ የሚያዝዘው ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 ቁጥር የአሞርዛተር ዘይት፣ ይሁን። የዘይቱ ከፍታ የሚለካው ሞላው ወጥቶ አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ነው። ከዘይቱ በላይ ያለው አየር ራሱ እንደ ሞላ ያገለግላል፤ ዘይት አብዝተው ቦታ ካሳጡት ጎሚኒው ይፈነዳል። የላይኛውን ክዳን ከመፍታትዎ በፊትም ሞተሩን በጠንካራ ማቆሚያ አስደግፈው የፊት ጎማውን ያንሡ። የታመቀው ሞላ ክዳኑን ሊወረውረው ይችላልና ፊትዎን ከላዩ ያርቁ።

በእኛ አካባቢ ግን ጎሚኒውን ቀድሞ የሚጨርሰው ጭቃ ነው። ዋልካ በሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ ደርቆ ሲቀር እንደ ሞረድ ይፍቃል። ማታ ውኃ አፍስሶ በጨርቅ መጥረግ ከአዲስ ጎሚኒ ይረክሳል። የፈሰሰው ዘይት ወደ ፊት ፍሬን ከወረደ ሞተሩ ተጠግኖ ፍሬኑም እስኪጸዳ ወይም ሸራው እስኪቀየር ድረስ መንዳት አይገባም።

አንድ ነገር ግን ከፊት አሞርዛተር አቅም በላይ ነው። ከኋላ ጎማው ጀርባ የተንጠለጠለ ጭነት የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፤ በጭቃ ላይ መሪው የማይታዘዘውም ለዚህ ነው። የ50 ኪሎ ግራም ከረጢት የሚጭን ሰው በተቻለ መጠን ወደ መቀመጫው አስጠግቶ ዝቅ አድርጎ ይሠር። ሞላ የሚቀየረው ከዚህ በኋላ እንደገና ተለክቶ ነው።