ድንገተኛ ክፍል በየት በኩል ነው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት አይደለም፤ ስለ ቀስት ነው። አዎ፣ ሆስፒታል ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፈው ቀስት።

ኢንተርን እያለሁ አንድ ልጅ እናቱን ደግፎ ተመላላሽ ክፍል ሰልፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የእናትየው አፍ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። ስትሮክ! "ለምን ድንገተኛ አልወሰድካቸውም?" አልኩት። "ዶክተር፣ ድንገተኛ የሚል ጽሑፍ ፈልጌ አጣሁ፤ ሰው ሲሰለፍ አይቼ ተሰለፍኩ" አለኝ። በሩ ላይ የተጻፈው "ኢ.ኦ.ፒ.ዲ." ነበር። ለኛ ድንገተኛ ማለት ነው፤ ለሱ ግን ምንም ማለት አይደለም። አርባ ደቂቃ ቆመዋል። በደም መርጋት ለሚመጣ ስትሮክ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። (መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ አለ ወይ? እሱ ሌላ ቀን።)

ትልልቅ ሆስፒታሎች በአንድ ጊዜ አይሠሩም። ዛሬ አንድ ብሎክ፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ብሎክ ይጨመራል፤ መንገዱ ይወሳሰባል። ከሁሉ የከፋው ግን ስሙ ነው። የምርመራ ወረቀቱ "ራዲዮሎጂ" ይላል፣ ሐኪሙ "ኢሜጂንግ ሂዱ" ይላል፣ ጥበቃው "ራጅ ነው?" ይላል። አንድ ቦታ፣ ሦስት ስም! እኔን ብትጠይቁኝ የጥበቃውን እመርጣለሁ፤ ሕዝቡ የሚያውቀው እሱን ነው። ከዚያ ወረቀቱም፣ ሰሌዳውም፣ እኛም ያንኑ ስም እንጥራ።

ሰሌዳው ደግሞ ሰው "ግራ ልታጠፍ ቀኝ?" ብሎ በሚቆምበት ቦታ ላይ ይሁን። ኮሪደሩ ረጅም ከሆነ መሐል ላይ አንድ ይደገም፣ ሰው ተሳሳትኩ ብሎ እንዳይመለስ። ከበር እስከ ድንገተኛ መሬት ላይ ቀይ መስመር መቀባት ጥሩ ነው፤ ግን ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው አለ፣ ማንበብ የማይችልም አለ። ስለዚህ ቀለም፣ ሥዕልና ጽሑፍ አብረው ይሂዱ። የአማርኛ ፊደል ደግሞ ከሩቅ ያታልላል፤ "ቁ" እና "ቂ" የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነው። በኤ ፎር ወረቀት ፕሪንት ተደርጎ በፕላስተር የተለጠፈ ማስታወቂያ ለዓይነ ደካማ እናት ምልክት አይባልም። በተለይ "ለጊዜው ተዛውሯል" ብሎ ዓመት የሞላው!

ገንዘብም ይባክናል። በ1990 እ.ኤ.አ. ክሬግ ዚምሪንግ የተባለ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ 604 አልጋ ያለውን አንድ ሆስፒታል አጥንቶ ነበር። መንገድ ማሳየት የሥራ ድርሻቸው ያልሆኑ ሠራተኞች መንገድ በመጠቆም ብቻ በዓመት ከ4,500 ሰዓት በላይ ያጠፉ ነበር።

እስከዚያው እናንተ፦ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር በድንገት ከሰነፈ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ካርድ ክፍል አትሰለፉ። በር ላይ ያገኛችሁትን ጥበቃ ወይም ፅዳት "ድንገተኛ ነው፣ አድርሱን" በሉ። ምልክቱ በስንት ሰዓት እንደጀመረም ያዙ፤ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ እሱን ነው።

እናንተስ ሆስፒታል ውስጥ የትኛውን ክፍል ስትፈልጉ ጠፍታችሁ ታውቃላችሁ? የሆስፒታሉን ስም ሳትጠሩ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።