ያውቁ ኖሯል? እንጦጦ ላይ ጤነኛውም ነጥብ ይያዝበታል!

እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ቆመው አየር ሲስቡ የሚያገኙት ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ሰው ከሚያገኘው በሲሶ ገደማ ያንሳል! ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነዋ! ሯጮቻችን ደግሞ እዚያው ላይ ይሮጣሉ!

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት የጽኑ ሕሙማን ማስጠንቀቂያ ነጥብ አለ። የደም ኦክስጅንዎ 96 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ዜሮ! 94 ወይም 95 ከሆነ አንድ ነጥብ! 92 ወይም 93 ከሆነ ሁለት! አዲስ አበባ ላይ ግን 93 ያለው ሰው የየካን ዳገት እያፏጨ ሊወጣው ይችላል። ነጥቡ የተሰፋው በለንደን ልክ ነው!

የባሰ የሚገርም አለ! ስሜን ተራሮች ውስጥ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ሲለኩ የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95 ከመቶ ሆኖ ተገኘ! የአንዲስ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸውን አብዝተው ተራራውን ቻሉት። የቲቤት ሰዎች በጥቂት ኦክስጅን መኖርን ለመዱ። የእኛዎቹ ሁለቱንም አላደረጉም!

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ የጃፓናዊው መሐንዲስ የታኩኦ አኦያጊ ውጤት ነው። እሳቸው ያረፉት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020፣ ዓለም በኮሮና ምክንያት ያንኑ መሣሪያ ሲሻማበት ነው! መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን ቫይረሱ የተገኘበት የመጀመሪያው ሰውም ጃፓናዊ ነበር!

በኮተቤ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የታሰበው ለአእምሮ ሕክምና ነበር! ድንገት የአገሪቱ የመጀመሪያው የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሆኖ አረፈው!

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚጮኸው ሁልጊዜ የባሰበት አይደለም! ለመጮኽ አየር ያስፈልጋል። ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው!

አንድ አዋቂ ከደሙ 15 ከመቶውን አፍስሶ የደም ግፊቱ ንቅንቅ ላይል ይችላል! ስለዚህ ነርሷ «ግፊቱ ደህና ነው» ብትልም ዓይኗን ከበሽተኛው አትነቅልም!

ብዙ ጊዜ የበሽተኛውን መባባስ አስቀድሞ የሚያጋልጠው ትንፋሽ ነው። አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ለመቁጠር የሚያስፈልገው ሰዓት ብቻ ነው! ከሁሉም ምልክቶች ብዙ ጊዜ ሳይለካ የሚታለፈውም ይኸው መሆኑ ነው ጉዱ!

ራሱን የሳተ ሰው የንቃት ደረጃ በሚለካበት የግላስጎው መለኪያ ዜሮ አያገኝም! ምንም ምላሽ ባይሰጥም 3 ይሰጠዋል! ሙሉው 15 ነው።

አደጋ የደረሰበት ሰው ሲመረመር መጀመሪያ የአየር ቧንቧው፣ ቀጥሎ ትንፋሹ፣ ከዚያ የደም ዝውውሩ። ይህ ዓለም አቀፍ ቅደም ተከተል የተስፋፋው በአንድ የአውሮፕላን አደጋ ነው! እ.ኤ.አ. በ1976 ጄምስ ስታይነር የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ራሱ የሚያበራት አውሮፕላን ነብራስካ ውስጥ ተከሰከሰች። ባለቤቱ ሞተች። ልጆቹ ያገኙት ሕክምና ስላስቆጣው ከባልደረቦቹ ጋር አዲስ ሥልጠና አዘጋጀ!

የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው ኮፐንሃገን ውስጥ ነው! እ.ኤ.አ. በ1952 ፖሊዮ ትንፋሽ ሲያሳጣ ማሽን አልበቃም። የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀመጡ ሌሊትና ቀን በእጃቸው አየር ጨመቁ!

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ደርሰው ቁስለኛ አከሙ! የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው አንጋፋው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም የዚያ ጅምር ወራሽ ነው። ዕድሜው ከ110 ዓመት ያልፋል!

የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ግን ጥቁር አንበሳ ላይ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው! ሩሲያውያኑ ከመጡ ከ115 ዓመት በኋላ!

ከደቡብ አፍሪካ የመጣው የሕሙማን የቀለም ልየታ በእኛም ድንገተኛ ክፍሎች ይሠራበታል። ቀይ ወዲያውኑ! ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ! ቢጫ በአንድ ሰዓት! አረንጓዴ እስከ አራት ሰዓት! እርስዎ ቀድመው ደርሰው ሌላው ቀድሞዎት ቢገባ አይቆጡ። አረንጓዴ መሆን እኮ ዕድል ነው!

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሦስት ወር ሳይሞላው ጣሊያን ወረረን! አምቡላንሱ ዛሬም በ907 ይጠራል። እሳትና ድንገተኛ አደጋ ደግሞ 939 ነው። ሦስት ሦስት አኃዝ ብቻ! ገጹን ከመግለጥዎ በፊት ስልክዎ ላይ ይመዝግቧቸው!